ቼዝ ለጀማሪዎች፦ በምን ቅደም ተከተል ይጠና፣ እንዴትስ ይሻሻላል?

ቼዝ መጫወት የጀመረ ሰው ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ የሚጠይቀው «የትኛውን መክፈቻ (የጨዋታውን የመጀመሪያ እርምጃዎች አካሄድ) ላጥና?» ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም ጊዜው ገና ነው። በጀማሪዎች መካከል የሚደረግ ጨዋታ የሚወሰነው በስምንተኛው ወይም በአሥረኛው እርምጃ ላይ በተገኘች ጥቂት ብልጫ አይደለም፤ ከሁለቱ አንዱ ፈረሱን፣ ጳጳሱን ወይም ንግሥቱን ጠባቂ በሌለበት ቤት ላይ ትቶ በነጻ ሲያስበላ ነው። አሥራ አምስት እርምጃ በቃሉ የያዘ ተጫዋች በአሥራ ስድስተኛው ላይ ግንቡን በነጻ ከሰጠ፣ የሸመደደው ሁሉ ምንም አይፈይድለትም። ስለዚህ ይህ መመሪያ ከተለመደው አካሄድ ወጣ ብሎ መክፈቻን ወደ መጨረሻ ያስቀምጣል፤ በፊቱ የሚመጡት ደንቦቹ፣ ጨዋታን የመጨረስ ችሎታ፣ ጠጠርን በነጻ አለማስበላት፣ ታክቲክና የወታደር ፍጻሜ (ጥቂት ጠጠር ሲቀር የሚደረገው የጨዋታው መጨረሻ ክፍል) ናቸው።

1. ሰሌዳውንና ደንቦቹን ያለጥርጣሬ ማወቅ

ሰሌዳው 64 ቤቶች አሉት። ሲዘረጋ በእያንዳንዱ ተጫዋች ቀኝ እጅ በኩል ያለው የቅርቡ ማዕዘን ነጭ ቤት መሆን አለበት፤ ንግሥት ደግሞ በራሷ ቀለም ቤት ላይ ትቆማለች። እነዚህ ሁለቱ ከተጠበቁ የቀረው አሰላለፍ አይሳሳትም። ዓምዶቹ ከነጭ ተጫዋች ግራ ጀምሮ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤች ይባላሉ፤ ረድፎቹ ከነጭ በኩል ከ1 እስከ 8 ይቆጠራሉ። ለምሳሌ ጨዋታ ሲጀመር የነጭ ንጉሥ ኢ1 ላይ፣ የጥቁር ንጉሥ ኢ8 ላይ ይቆማል። የቤቶቹን ስም ሳያሰላስሉ መጥራት እስኪችሉ ድረስ ይለማመዱ፤ ከዚህ በኋላ የሚመጣው ጥናት ሁሉ በዚህ አጠራር ላይ የተመሠረተ ነው። ግንብን ሩክ፣ ጳጳስን ቢሾፕ እያሉ የሚጠሩ ብዙ ተጫዋቾች ስላሉ በሁለቱም ስሞች መለየት ይጠቅማል።

የጠጠሮቹን አካሄድ በአንድ ቀን መያዝ ይቻላል። ጀማሪዎች የሚከራከሩባቸው ግን ሦስት ልዩ ደንቦች አሉ። አንደኛው ካስሊንግ ነው፦ ንጉሡ ወደ አንዱ ግንብ ሁለት ቤት ይራመድና ግንቡ ንጉሡን ዘሎ አጠገቡ ይቆማል። ይህ የሚፈቀደው ንጉሡም ግንቡም ከዚያ በፊት ተንቀሳቅሰው የማያውቁ፣ በመካከላቸው ጠጠር የሌለ፣ ንጉሡም ቼክ ውስጥ የሌለ (ማለትም በጠላት ጠጠር ያልተጠቃ)፣ የሚያልፍበትም ሆነ የሚያርፍበት ቤት በጠላት ያልተጠቃ እንደሆነ ነው። ግንቡ ራሱ የተጠቃ ቢሆን ግን ካስሊንግን አይከለክልም። ሁለተኛው ኧን ፓሳን የሚባለው ነው፦ የጠላት ወታደር ከመነሻው ሁለት ቤት ዘሎ አምስተኛ ረድፍዎ ላይ ከደረሰው ወታደርዎ ጎን ሲቆም፣ አንድ ቤት ብቻ እንደተራመደ ቆጥረው በሰያፍ ሊበሉት ይችላሉ፤ መብቱ ግን ለዚያችው አንዲት ተራ ብቻ ነው። ሦስተኛው የወታደር ማደግ ነው፦ መጨረሻው ረድፍ የደረሰ ወታደር ንግሥት፣ ግንብ፣ ጳጳስ ወይም ፈረስ ይሆናል፤ የመጀመሪያዋ ንግሥት ሰሌዳው ላይ ብትኖርም ሁለተኛ ንግሥት ማውጣት ይፈቀዳል።

2. ጨዋታን መጨረስ መቻል

የበላይነት ኖሮት ንጉሡን ማጥመድ ያልቻለ ተጫዋች የበላይነቱ ምንም አልጠቀመውም። ስለዚህ ደንቡ እንደታወቀ ወዲያው መጠናት ያለበት የቼክ ሜት (ባጭሩ ሜት)፣ ማለትም ቼክ የተባለውን ንጉሥ ማምለጫ የማሳጣት አሠራር ነው።

በሁለት ግንቦች የሚደረገው ቀላሉ ነው። አንዱ ግንብ አራተኛውን ረድፍ ዘግቶ ንጉሡ ወደ ታች እንዳይወርድ ሲያግድ፣ ሌላው አምስተኛው ላይ ቼክ ይላል፤ ንጉሡ ወደ ስድስተኛው ሲሸሽ የመጀመሪያው ግንብ ስድስተኛው ላይ ቼክ ይላል፤ እንዲህ እየተፈራረቁ እስከ ስምንተኛው ረድፍ ያደርሱታል። ንጉሡ ወደ አንዱ ግንብ ተጠግቶ ሊበላው ከመጣ፣ ግንቡ በያዘው ረድፍ ላይ ሳይወጣ ወደ ሌላኛው የሰሌዳ ጫፍ ይሻገራል፤ ከዚያ ሥራው ይቀጥላል።

በአንድ ግንብና በንጉሥ የሚደረገው ግን ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ብዙ ጀማሪዎችም እዚህ ላይ እየደጋገሙ ቼክ በማለት ይደክማሉ። የግንቡ ዋና ሥራ ቼክ ማለት ሳይሆን አጥር መሆን ነው፤ የጠላት ንጉሥ የሚንቀሳቀስበትን ቦታ እየዘጋ ሲያጠብ የራስዎ ንጉሥ ይቀርባል። ቼክ ማለት የሚገባው ሁለቱ ነገሥታት በመካከላቸው አንድ ቤት ብቻ ትተው ፊት ለፊት ሲተያዩ ነው። የመጨረሻዎቹን እርምጃዎች ሰሌዳ ላይ አስቀምጠው ይመልከቱ፦ የነጭ ንጉሥ ኢ6፣ ግንቡ ኤች7፣ የጥቁር ንጉሥ ዲ8 ላይ ነው፤ ተራው የነጭ ነው። ነጭ ግንቡን ወደ ጂ7 ያንቀሳቅሳል። ይህ እርምጃ ምንም የማያደርግ ይመስላል፤ ነገር ግን ሰባተኛው ረድፍ እንደተዘጋ ተራውን ለጥቁር ያስረክባል። ጥቁር ወደ ኢ8 ቢሄድ ነገሥታቱ ፊት ለፊት ስለሚገጥሙ ግንቡ ጂ8 ላይ ቼክ ሜት ያደርጋል። ወደ ሲ8 ቢሸሽ የነጭ ንጉሥ ወደ ዲ6 ይከተለዋል፤ ቢ8 ሲገባ ሲ6፣ ኤ8 ማዕዘን ሲገባ ቢ6 ይከተለዋል፤ አሁን ጥቁር ወደ ቢ8 ከመመለስ ሌላ መንገድ የለውም፣ ሲመለስም ግንቡ ጂ8 ላይ ይጨርሰዋል። በመንገዱ ላይ ጥቁር ወደ ኋላ ለመመለስ ቢሞክር እዚያው ፊት ለፊት ስለሚገጥም ሜት ይሆናል። ይህን አካሄድ ከማንኛውም መነሻ ተነስተው ያለ ስህተት መሥራት እስኪችሉ ድረስ በተደጋጋሚ ይለማመዱት።

በንግሥት ሲጨርሱ ደግሞ የሚፈራው ስቴልሜት ነው፤ ማለትም የጠላት ንጉሥ ቼክ ሳይባል የሚሄድበት ቤት ሲያጣና ሌላ የሚያንቀሳቅሰው ጠጠር ሳይኖረው ሲቀር ጨዋታው በአቻ ይጠናቀቃል። የጥቁር ንጉሥ ኤች8 ማዕዘን ላይ ብቻውን ቆሞ ንግሥትዎን ጂ6 ወይም ኤፍ7 ላይ ካስቀመጡ የተገኘው ድል ባዶ ይሆናል። ንግሥቷ ማዕዘን ላይ ካለ ንጉሥ በፈረስ ዝላይ ርቀት ላይ ስትቆም ይህ እንደሚከሰት ያስታውሱ።

3. ጠጠርን በነጻ አለማስበላት

ከመመሪያው ሁሉ አንድ ክፍል ብቻ የሚያነብ ሰው ቢኖር ይህን እንዲያነብ እመክራለሁ። የጠጠሮች ዋጋ በወታደር ሲመዘን ፈረስና ጳጳስ ሦስት ሦስት፣ ግንብ አምስት፣ ንግሥት ዘጠኝ ያህል ናቸው፤ ንጉሥ አይበላምና ዋጋ የለውም። አንድ ፈረስ በነጻ ማስበላት ሦስት ወታደር እንደ ማጣት ነው፤ ሌላው ሁሉ እኩል ከሆነ ጠንቃቃ ተጋጣሚ ይህን ብቻ ይዞ ያሸንፋል።

ከእያንዳንዱ እርምጃ በፊት ሦስት ጥያቄዎችን በዚሁ ቅደም ተከተል ይጠይቁ። ተጋጣሚዬ አሁን የተራመደው ምን ለማድረግ ነው? እኔ ላደርግ ያሰብኩት እርምጃ ያንን ይመልሳል ወይስ ችላ ይላል? ጠጠሬን ባሳረፍኩበት ቤት ላይ፣ እንዲሁም ትቼው በሄድኩት ቤት የተነሳ፣ የሚበላብኝ ነገር ይኖራል? ሦስተኛው ጥያቄ ሁለት ክፍል ያለው በምክንያት ነው። ብዙ ጀማሪ ጠጠሩ የሚያርፍበትን ቤት ይመረምራል፤ የተነሳው ጠጠር ሌላውን ይጠብቅ እንደነበር ግን ይዘነጋል።

የጥያቄዎቹን ጥቅም የሚያሳይ፣ ማንኛውም ጀማሪ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚገጥመው ጨዋታ አለ። ነጭ ወታደሩን ወደ ኢ4፣ ጥቁርም ወደ ኢ5 ያራምዳሉ። ነጭ ንግሥቱን ወዲያው ወደ ኤች5 ያወጣል። አሁን ጥቁር ሆነው የመጀመሪያውን ጥያቄ ይጠይቁ፦ ይህች ንግሥት ምን ታያለች? ሦስት ወታደሮችን ታያለች፤ ኤፍ7ን ንጉሡ ይጠብቀዋል፣ ኤች7ን ግንቡ ይጠብቀዋል፣ ኢ5ን ግን ማንም አይጠብቀውም። ይህን ሳይመለከት ንግሥቷን ለማባረር ብቻ ወታደሩን ወደ ጂ6 የሚገፋ ሰው ብዙ ነው። ያን ጊዜ ንግሥቷ ኢ5ን በልታ ቼክ ትላለች፤ ጂ7 ባዶ ስለሆነ ደግሞ በዚያው ሰያፍ ኤች8 ላይ ያለውን ግንብ ታጠቃለች፤ ጥቁር ንጉሡን ሲያድን ግንቡ ይበላበታል። አንዲት የቸኮለች እርምጃ አንድ ወታደርና አንድ ግንብ አስከፈለች።

ትክክለኛው መልስ ፈረስን ወደ ሲ6 ማውጣት ነው፤ ኢ5ን ይጠብቃል፣ ጠጠርም ወደ ጨዋታ ያስገባል። ነጭ ጳጳሱን ወደ ሲ4 ሲያወጣ ጥያቄውን እንደገና ይጠይቁ። አሁን ኤፍ7ን የሚያጠቁት ሁለት ሆነዋል፣ የሚጠብቀው ንጉሡ ብቻ ነው። ጥቁር ሌላውን ፈረስ ወደ ኤፍ6 አውጥቶ ንግሥቷን ያጠቃ ቢመስለው፣ ንግሥቷ ኤፍ7ን በልታ ሜት ታደርገዋለች፤ ጳጳሱ ስለሚጠብቃት ንጉሡ ሊበላት አይችልም። ወታደሩን ወደ ጂ6 መግፋት የሚገባው ግን አሁን ነው፤ የንግሥቷን መንገድ ይዘጋል፣ እሷንም ያጠቃል። ንግሥቷ ወደ ኤፍ3 አፈግፍጋ ኤፍ7ን በድጋሚ ስታይ ፈረሱ ወደ ኤፍ6 ይወጣና መንገዱን ይዘጋል። ከዚህ በኋላ የሚቸገረው ነጭ ነው፤ ንግሥቱ የራሱ ፈረስ የሚወጣበትን ቤት ይዛበታለች፣ የጥቁር ፈረስ ደግሞ ዲ4 ላይ ከገባ ንግሥቷንና ሲ2ን ባንድ ጊዜ ሊያጠቃ ይችላል። ወታደሩን ወደ ጂ6 የገፋችው ያችው እርምጃ በሁለተኛው ተራ ጨዋታ አበላሸች፣ በሦስተኛው ተራ ጨዋታ አዳነች፤ በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት የሚነግርዎ ያ የመጀመሪያው ጥያቄ ብቻ ነው።

ስለ መለዋወጥም አንድ ነገር መታከል አለበት። አንድን ቤት የሚያጠቁና የሚጠብቁ ጠጠሮች ሲበዙ ቁጥራቸውን ብቻ አይደለም የሚቆጥሩት፤ በምን ቅደም ተከተል እንደሚበሉም ያስቡ። በወታደር የተጠበቀን ፈረስ በንግሥት የበላ ሰው ሦስት አግኝቶ ዘጠኝ ከፍሏል።

4. ታክቲክ፦ በየቀኑ ጥቂት በጥቂት

ጠጠር በነጻ ማስበላት ሲቀንስ ጨዋታን የሚወስነው ታክቲክ፣ ማለትም በጥቂት እርምጃ ጠጠር ወይም ሜት የሚያስገኝ ዘዴ ይሆናል። ዋና ዋናዎቹን ለይቶ ማወቅ ይበቃል። ፎርክ አንድ ጠጠር ሁለት ነገር ባንድ ጊዜ ሲያጠቃ ነው፤ የነጭ ፈረስ ሲ7 ላይ ገብቶ ኢ8 ያለውን ንጉሥና ኤ8 ያለውን ግንብ ሲይዝ ታዋቂው ምሳሌ ነው። ፒን የሚባለው ጠጠር ከኋላው ያለውን ላለማጋለጥ ሲል ከቦታው መነሳት ሲያቅተው ነው፤ ጥቁር ወታደሩን ከዲ7 ወደ ዲ6 ካራመደ በኋላ ቢ5 ያለው የነጭ ጳጳስ ሲ6 ያለውን ፈረስ ከንጉሡ ፊት አስሮ ያስቀምጠዋል። ስኩወር የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ከፊት ያለው ትልቁ ጠጠር ሲሸሽ ከኋላው ያለው ይበላል። አንድ ጠጠር ሲነሳ ከኋላው የነበረው ጥቃት ሲከፈት ደግሞ ድስከቨርድ አታክ ይባላል።

በጀማሪዎች ጨዋታ በጣም የሚደጋገመው የኋላ ረድፍ ሜት ነው። ካስሊንግ ያደረገው የጥቁር ንጉሥ ጂ8 ላይ ሆኖ ከፊቱ ኤፍ7፣ ጂ7 እና ኤች7 ላይ ወታደሮቹ ሳይነቃነቁ ቆመው፣ ስምንተኛውን ረድፍ የሚጠብቅ ግንብ ወይም ንግሥት ከሌለ፣ አንድ የነጭ ግንብ ስምንተኛው ረድፍ ላይ መግባቱ ጨዋታውን ይጨርሰዋል። መከላከያው ቀላል ነው፤ ዕረፍት ባገኙበት ተራ የኤች ወታደርን አንድ ቤት ገፍቶ ለንጉሡ መውጫ ማዘጋጀት።

መልመጃውን በቀን ከ15 እስከ 20 ደቂቃ መሥራት በሳምንት አንድ ቀን ለሦስት ሰዓት ከመቀመጥ ይሻላል። እ.ኤ.አ. በ2010 የተጀመረው ሊቸስ የተባለው ድረ ገጽ ያለ ክፍያና ያለ ማስታወቂያ እጅግ ብዙ የታክቲክ መልመጃ ያቀርባል፤ ቼስ ዶት ኮም ላይም በነጻ አካውንት የተወሰነ መጠን መሥራት ይቻላል። አሠራሩ ላይ ግን ጥብቅ ይሁኑ፦ የመጀመሪያውን እርምጃ ገምተው አይጫኑ። የተጋጣሚውን ምርጥ መልስ አስበው፣ መጨረሻውን በአእምሮዎ ካዩ በኋላ ብቻ ይንቀሳቀሱ። ግምት እየሰጡ መቶ መልመጃ ከመሥራት አሥሩን እስከ መጨረሻው አስቦ መሥራት ዓይንን ያሠለጥናል። የተሳሳቷቸውን ከሳምንት በኋላ ይመለሱባቸው።

5. የንጉሥና የወታደር ፍጻሜ

እ.ኤ.አ. ከ1921 እስከ 1927 የዓለም ሻምፒዮን የነበረው ኩባዊው ሆሴ ራውል ካፓብላንካ ጥናት ከፍጻሜ እንዲጀምር ይመክር ነበር። ምክሩ ጥቂት ጠጠር ሲቀር የእያንዳንዱ ጠጠር ኃይል ጥርት ብሎ ይታያል ከሚል እምነት የመጣ ነው፤ እኔም ልክ ነው እላለሁ። በጥቂት ጠጠር ያልተማሩትን በብዙ ጠጠር መካከል ማየት አስቸጋሪ ነው።

መጀመሪያ መታወቅ ያለበት ፍጻሜ ንጉሥና አንድ ወታደር በብቸኛ ንጉሥ ላይ ሲሆኑ የሚፈጠረው ነው። የነጭ ንጉሥ ኢ4፣ ወታደሩ ከኋላው ኢ3፣ የጥቁር ንጉሥ ኢ6 ላይ ያስቀምጡ። ነገሥታቱ ፊት ለፊት ናቸው፤ በዚህ ሁኔታ መንቀሳቀስ ያለበት ወገን ይጎዳል። ተራው የጥቁር ከሆነ ወደ አንዱ ጎን መልቀቅ አለበት፣ ነጭም በሌላው ጎን አልፎ ወታደሩን ያሳድጋል። ተራው የነጭ ከሆነ ግን ጥቁር በጥንቃቄ ከተጫወተ አቻ ይወጣል። አሁን ሌላውን ሁሉ እንዳለ ትተው ወታደሩን ብቻ ከኢ3 ወደ ኢ2 ይመልሱት። ተራው የነጭ ቢሆንም ያሸንፋል፤ ወታደሩን ወደ ኢ3 አንድ ቤት ገፍቶ ተራውን ለጥቁር ያስረክባልና። ብዙዎች ወታደራቸውን ቸኩለው ወደ ፊት በመግፋት ይህችን መጠባበቂያ እርምጃ ያባክናሉ። ንጉሡ ይቅደም፣ ወታደሩ ይከተል።

የነጭ ንጉሥ ከወታደሩ ፊት ስድስተኛው ረድፍ ላይ ከደረሰ፣ ለምሳሌ ንጉሡ ኢ6፣ ወታደሩ ኢ5፣ የጥቁር ንጉሥ ኢ8 ሲሆን፣ ተራው የማንም ቢሆን ነጭ ያሸንፋል። ጠቃሚ ምልክትም አለ፦ ንጉሥዎ ስድስተኛው ረድፍ ላይ ሆኖ ወታደሩ ቼክ ሳይል ሰባተኛው ረድፍ ከገባ ያድጋል፤ ቼክ እያለ ከገባ ግን ጥቁር ከፊቱ ይቆምና ወይ ወታደሩን ያጣሉ ወይ ስቴልሜት ይሆናል። የኤ እና የኤች ዓምድ ወታደሮች ከዚህ ሁሉ ውጭ ናቸው፤ የጠላት ንጉሥ ማዕዘኑን ከያዘ አቻ ነው።

ወታደርዎ ብቻውን ሲሮጥ ንጉሡ ይደርስበት እንደሆነ ለማወቅ እርምጃ መቁጠር አያስፈልግም። ወታደሩ ካለበት እስከ መጨረሻው ረድፍ ያለውን ርዝመት አንድ ጎን አድርገው ካሬ ይሳሉ። ወታደሩ ኤ4 ላይ ከሆነ ካሬው ከኤ4 እስከ ኤ8፣ ከኢ4 እስከ ኢ8 ይሆናል። የጥቁር ንጉሥ በራሱ ተራ ካሬው ውስጥ መግባት ከቻለ ይደርስበታል።

6. መክፈቻ

በዚህ ደረጃ መክፈቻ ማለት የሚሸመደድ ዝርዝር ሳይሆን አራት ሥራዎች ናቸው፦ መሃሉን በወታደር መያዝ፣ ፈረሶችንና ጳጳሶችን ማውጣት፣ ካስሊንግ አድርጎ ንጉሡን መሰወር፣ ከዚያም በመካከላቸው ጠጠር እንዳይኖር አድርጎ ግንቦቹን ማገናኘት። አንድን ጠጠር ያለ ምክንያት ሁለት ጊዜ አያንቀሳቅሱ፤ ንግሥትን ቀድመው አያውጡ። ፈረስ መሃል ላይ ሲቆም ስምንት ቤት ይደርሳል፣ ጠርዝ መሃል ላይ አራት፣ ማዕዘን ላይ ሁለት ብቻ፤ ወደ መሃል እንዲወጣ የሚመከረው ለዚህ ነው። ሰንጠረዥ በሚባለው በጥንቱ የአገራችን ቼዝ ሁለቱም ወገኖች የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ወረራ በሚባለው ክፍል ተራ ሳይጠብቁ ጠጠሮቻቸውን ያሰልፉ ነበር። በዛሬው ቼዝ ግን እያንዳንዱ እርምጃ ተራ ስለሚያስከፍል የጠፋችው ተራ ወዲያው ለተጋጣሚው ትቆጠራለች።

በነጭ አንድ መክፈቻ ይበቃዎታል። ጣሊያናዊው የሚባለውን እመርጣለሁ፤ በየጥንዱ የመጀመሪያው የነጭ፣ ሁለተኛው የጥቁር ሆኖ ወታደር ኢ4 እና ኢ5፣ ፈረስ ኤፍ3 እና ሲ6፣ ጳጳስ ሲ4 እና ሲ5፤ ከዚያ ነጭ ወታደሮቹን ወደ ሲ3 እና ዲ3 አድርጎ ካስሊንግ ያደርጋል። በጥቁር ደግሞ ለኢ4 ኢ5ን፣ ለዲ4 ዲ5ን መልስ ማድረግ በቂ ነው። በየሳምንቱ መክፈቻ መቀያየር ከሁሉም ምንም እንዳይዙ ያደርጋል።

7. መጫወትና ጨዋታን መመርመር

የአንድ ወይም የሦስት ደቂቃ ጨዋታ ደስ ይላል፤ ለጀማሪ ግን የሚያስተምረው ቸኮላን ነው። ሦስቱን ጥያቄዎች ለመጠየቅ ጊዜ የሚሰጥ ሰዓት ይምረጡ፤ ለእያንዳንዱ ተጫዋች 15 ደቂቃና በየእርምጃው 10 ሰከንድ ጭማሪ፣ ወይም 30 ደቂቃ ተስማሚ ነው። በኢንተርኔት የሚላከው የእርምጃ መረጃ ብቻ ስለሆነ እንዲህ ያለ ረጅም ጨዋታም ብዙ ዳታ አይበላም። ሁለት ጊዜ ተከታትለው ከተሸነፉ ለዚያ ቀን ያቁሙ፤ በንዴት የሚጫወት ሰው ጥያቄዎቹን አይጠይቅም።

ዕድገት የሚመጣው ግን ከጨዋታው በኋላ በሚደረገው ሥራ ነው፤ ብዙዎችም የሚዘሉት ይህንኑ ነው። የተሸነፉበትን ጨዋታ ሰሌዳ ላይ ደግመው ይዘርጉና፣ ኮምፒውተር ሳይከፍቱ፣ ጨዋታው የተበላሸበትን እርምጃ ራስዎ ይፈልጉ። ምን አስበው እንደነበር በአንድ ዐረፍተ ነገር ይጻፉ፤ «ፈረሱ ሲነሳ ጳጳሱ ያለ ጠባቂ እንደሚቀር አላየሁም» እንደሚለው ዓይነት። ከዚያ በኋላ ብቻ እንደ ስቶክፊሽ ያለውን ነጻ የቼዝ ፕሮግራም ከፍተው ያስተያዩ። ፕሮግራሙን ቀድሞ የከፈተ ሰው መልሱን ያያል እንጂ ለምን እንደሳተው አይማርም። ፕሮግራሙ የሚያሳየውን ጥቃቅን የነጥብ ልዩነት ችላ ይበሉ፤ ለእርስዎ ቁም ነገሩ ጠጠር የጠፋበት ወይም ሜት የታለፈበት ቦታ ነው። እንዲህ ያሉ አሥር ያህል ማስታወሻዎች ሲከማቹ አንድ ዓይነት ስህተት ሲደጋገም ያያሉ፤ የሚቀጥለው ጥናትዎ እሱ ነው።

በቀን አንድ ሰዓት ያለው ሰው ሩቡን ለታክቲክ፣ ግማሹን ለአንድ ረጅም ጨዋታ፣ የቀረውን ለምርመራ ቢያውለው፣ በሳምንት ሁለት ቀን ደግሞ ጨዋታውን ትቶ ፍጻሜ ቢያጠና ጥሩ ድልድል ይሆናል።

የተጫዋችን ጥንካሬ የሚለካውን የነጥብ ደረጃ በተመለከተ፣ ስሌቱ የተሠራው በአሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ አርፓድ ኤሎ ሲሆን የዓለም ቼዝ ፌዴሬሽን ፊዴ እ.ኤ.አ. በ1970 ተቀብሎታል። ድረ ገጾቹ የየራሳቸው መነሻና ስሌት ስላላቸው የአንዱ ቁጥር ከሌላው ጋር አይነጻጸርም። ነጥብ በየቀኑ ይወጣል ይወርዳል፤ የሚታይ ለውጥ ለማየት ወራትን ማወዳደር ይሻላል።

8. ከሰው ጋር በአካል መወዳደር

ስክሪን የለመደ ተጫዋች እውነተኛ ሰሌዳ ላይ ሰያፎችን ማየት ይከብደዋል፤ ስለዚህ ከውድድር በፊት መልመጃዎችዎን በእንጨት ወይም በፕላስቲክ ጠጠር እየደረደሩ ይሥሩ። ደንቡም ጥብቅ ነው። በራስዎ ተራ ሆን ብለው የነኩትን ጠጠር ማንቀሳቀስ፣ የነኩትን የተጋጣሚ ጠጠር መብላት ግዴታ ነው፤ የተጣመመ ጠጠር ለማስተካከል ከፈለጉ ከመንካትዎ በፊት «አስተካክላለሁ» ብለው ያስታውቁ። ሰዓቱን የሚጫኑት ጠጠሩን ባንቀሳቀሱበት እጅ ነው። በረጅም ሰዓት ውድድር ሕገ ወጥ እርምጃ ሲፈጸም ለመጀመሪያው ተጋጣሚዎ ሁለት ደቂቃ ይጨመርለታል፤ በሁለተኛው ጨዋታው ያልቃል። ስልክ ወደ መጫወቻው አዳራሽ ይዞ መግባት ሽንፈት ሊያስከትል ስለሚችል ደንቡን አስቀድመው አዘጋጆቹን ይጠይቁ። አቻ ለመጠየቅ ሲፈልጉ መጀመሪያ ይራመዱ፣ ጥያቄውን ያቅርቡ፣ ከዚያ ሰዓቱን ይጫኑ።

እያንዳንዱን እርምጃ በወረቀት መመዝገብ በረጅም ጨዋታ ግዴታ ነው። ጨዋታው ሲያልቅ ተጋጣሚዎ ፈቃደኛ ከሆነ ያንኑ ወረቀት ይዛችሁ ወደ ጎን ውጡና አብራችሁ ገምግሙት፤ እርስዎ ያላዩትን ሥጋት እሱ አይቶት ሲፈራ እንደነበር፣ እርስዎ የፈሩትን ደግሞ እሱ ጨርሶ እንዳላሰበው ከዚህ ንግግር ይወጣል። የተነገረዎትን እዚያው ከእርምጃው ጎን ይጻፉት፤ ቤት ሲገቡ ምርመራውን ከዚያ መስመር ይጀምሩ።